ላፕቶፑን ከመጠየቃችሁ በፊት፦ አንድ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ እንዴት ይሰናዳል?

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ከዚህ በፊት መንዝ ውስጥ፣ ቀጥሎም ቆላ ወርጄ ሸዋ ሮቢት አካባቢ አስተምሬያለሁ። በሦስቱም ቦታ አንድ ነገር አይቻለሁ። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ክፍላችን ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ዕቃ ነው። "ኮምፒውተር ቢኖረን፣ ፕሮጀክት ቢመጣልን" እንላለን። ዕቃው የመጣ ቀን ደግሞ ስቶር ይገባል። ካርቶኑ ሳይፈታ ዓመት የሞላው የብሬል (ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት የነጥብ ጽሑፍ) መጻፊያ ማሽን አውቃለሁ። ቁልፉን የያዘው ሰው ሁልጊዜ ስልጠና ላይ ነው።

ስለዚህ ከትምህርቱ እንነሳ። ዕቃው በኋላ ይደርሳል።

ዩኒቨርሳል ዲዛይን የሚባለው ሐሳብ የመጣው ከሕንፃ ሥራ ነው። ሮን ሜስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር፤ ራሱም በዊልቸር የሚንቀሳቀስ። ሕንፃውም ዕቃውም ሲነደፍ ጀምሮ ሁሉም ሰው እንዲጠቀምበት ይታሰብ፣ ኋላ ላይ መለጠፍ አይሁን አለ። ካስት የሚባል በ1984 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የተቋቋመ ድርጅት ሐሳቡን ወደ ትምህርት አመጣው። መምህሩ ሦስት ነገር ራሱን እንዲጠይቅ ነው የሚፈልገው። ተማሪዎቼ ትምህርቱን በምን በምን መንገድ ያገኙታል? ያወቁትን በምን በምን መንገድ ያሳዩኛል? እንዲማሩ የሚያነሳሳቸውስ ምንድን ነው?

ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤትን አስቡ። ቀን በመጽሐፍ ይነበባል፤ ሲመሽ የቃል ትምህርት ነው። ጨለማ ነው፣ የኔታ ይናገራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። በዚያ ሰዓት የሚያየውም የማያየውም አንድ ነው። ለዓይነ ስውራን ተብሎ አልተሠራም፤ ግን ስንት ዓይነ ስውር የቅኔና የዜማ መምህር ወጥቶበታል።

ነገ ጠዋት የሚቀየረው

አንድ ሳንቲም ሳታወጡ የሚስተካከለው አነጋገራችሁ ነው። ካርታ ሰቅላችሁ "ከዚህ ይነሳና እንዲህ ዞሮ እዚያ ይገባል" ካላችሁ፣ ለማያይ ተማሪ ምንም አልነገራችሁትም። "የጀማ ወንዝ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይወርድና ዓባይ ይገባል" በሉ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካርታው የማይታየውም ልጅ ሰማችሁ ማለት ነው። ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እንዲህ ዓይነት ልጅ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ዞራችሁ ተናገሩ። ከዚያ ጻፉ። ስትጨርሱ እንደገና ዞራችሁ የጻፋችሁትን አንብቡት። ከሰሌዳው ጋር የሚያወራ መምህር ከንፈር ለሚያነብ ተማሪ ጀርባ ብቻ ነው። መስኮቱን ከኋላችሁ አድርጋችሁም አትቁሙ፤ ፊታችሁ ይጠቁራል።

ዓይኑ የደከመ፣ ግን ጨርሶ ያልጠፋ ተማሪ ብዙ ጊዜ "ሰነፍ" ተብሎ ያልፋል። ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። በተለይ አልቢኒዝም (ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን ቀለም የሚያሳጣ የተፈጥሮ ሁኔታ) ያለባት ልጅ ከሆነች የመስኮቱ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ አድርጋችሁ አስቀምጧት። "ግቢ ውስጥ ኮፍያ ክልክል ነው" የሚል ደንብ ካለ ለእሷ ይነሳ። የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ የሚያውቅ ይህን አይከራከርም።

ፋይሉን አስተካክሉ

በአማርኛ ለሚያስተምር ሰው ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው የምለው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ይበል።

ብዙዎቻችን ማስታወሻና ፈተና ስንጽፍ የኖርነው በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ነው። እነዚያ ፎንቶች ስክሪኑ ላይ "ሀ" ቢያሳዩም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ለሚያይ ሰው ምንም ችግር የለውም። ለማያይ ተማሪ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር ግን የሚያነበው ውስጡን ነው። ስለዚህ ያማረው ማስታወሻችሁ ትርጉም የሌለው ልፍለፋ ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የግዕዝን ፊደል ካካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መፍትሔው አለ፤ የድሮው ፋይል ግን ዛሬም በፍላሽ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ከፋይሉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ የድሮው ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ጽሑፉን ሴሌክት አድርጎ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ብቻ አያድነውም፤ ውስጡ ያው ነው። አጭር ከሆነ እንደገና ይተየብ። አዲስ የምትጽፉትን ሁሉ ግን በዩኒኮድ ጻፉ። ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ ሁሉም ይሆናሉ። ፓወር ግዕዝን የለመደ እጅ ካላችሁም ዩኒኮድ የሚለውን ፎንቱን ምረጡ።

ሁለተኛው ጣጣ ስካን ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት የመማሪያ መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እውነተኛ ጽሑፍ ያለው፣ ሌላው የገጽ ፎቶ ብቻ። ጣታችሁን አንድ ቃል ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቃሉ ከተመረጠ ጽሑፍ ነው። ካልተመረጠ ፎቶ ነው፤ ፎቶውን ደግሞ ስልኩ እንዳለ አያነበውም።

ፎቶ ከሆነ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ምዕራፉን ለተማሪዎች አከፋፍላለሁ፤ በስልክ እያነበቡ ይቀዱታል። ነፋስ የማይገባበት ክፍል ይፈለግ፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ቅጂ ያበላሻል። ባዶ ክፍል ድምፅ ካስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉበት። የመንዝ ባና ካለ ደግሞ ከማንኛውም ስቱዲዮ አያንስም፤ የበግ ፀጉሩ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። አንባቢው መጀመሪያ የምዕራፉን ርዕስና የገጹን ቁጥር ይናገር። እያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ ለብቻው ፋይል ይሁን፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ ውስጥ አንድ አንቀጽ መፈለግ ያሰቃያል። ሥዕልና ሠንጠረዥ ሲመጣ አይዘለል፤ "እዚህ ጋ የዝናብ መጠን የሚያሳይ ግራፍ አለ፤ ከፍተኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው" ተብሎ ይነገር። ከዚያ ለክፍሉ በተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ላይ ይጫን። ማንበብ የሚከብደው ልጅም፣ ከብት እየጠበቀ የሚያጠናውም ያዳምጠዋል።

የደራሲው መብት ተነካ ብሎ ቅር የሚለው ካለ፣ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት በዓይን ወይም በሌላ ጉዳት ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍትን ወደሚደመጥ ወይም ወደሚዳሰስ ቅጂ ለመለወጥ መንገድ የሚከፍት እንደሆነ ንገሩት።

ወርድ ላይ ስትጽፉ ደግሞ ርዕሱን ቦልድ አድርጋችሁ አትለፉት። "ሄዲንግ" የሚለውን ስታይል ስጡት። በጆሮ የሚያነብ ተማሪ ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚዘለው በእሱ ነው። ያለሱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስማት አለበት። ዓይኑ ለደከመ ተማሪ የሚታተም ወረቀት በ18 ነጥብና ከዚያ በላይ ይሁን።

ስልኩና ኮምፒውተሩ

አንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ቶክባክ የሚባል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ ሥር ታገኙታላችሁ። ስትከፍቱት ስልኩ የተበላሸ ይመስላችኋል። አልተበላሸም። አንድ ጊዜ ስትነኩት ያነበዋል፤ ለመክፈት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መንካት ነው፤ ወደ ታች ለመውረድ በሁለት ጣት መግፋት ነው። ይህን ሳያውቁ የሚከፍቱ መምህራን ስልካቸውን ይዘው ወደ ጥገና ቤት ሲሮጡ አይቻለሁ።

ለአማርኛ ንባብ ኢስፒክ የሚባለውን ነፃ የድምፅ ሞተር ጫኑና "ቴክስት ቱ ስፒች" የሚለው ቦታ ላይ እሱን ምረጡ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ደረቅ ነው፣ የቆርቆሮ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ አንዳንድ ቃል ያበላሻል። ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎቹም ከእኛ በቶሎ ይለምዱታል፤ እኛ ቃሉን ሳንለይ እነሱ ፍጥነቱን ጨምረው ያዳምጣሉ።

ለኮምፒውተር ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ኤንቪዲኤ ይበቃል። ማይክል ከራን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው። ከኢስፒክ ጋር ስለሚመጣ አማርኛውን ከድምፅ ምርጫው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለእኛ ትምህርት ቤቶች የሚመቸው ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ተማሪዋ ፍላሿን ይዛ አብዛኛው ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ መሥራት ትችላለች፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ "ጫንልኝ" ብላ አትለምንም። ድምፁን ዝም ለማሰኘት ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። ሌላ ምንም ባታስተምሯት ይህን አስተምሯት። የሚለፈልፍ ማሽን ክፍል ውስጥ ያሳፍራል።

ኢንተርኔት ባለበት የጎግል ኪቦርድ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። እጁ ለመጻፍ ለሚቸገር ተማሪ ጥሩ ነው። ስም ላይና የቦታ መጠሪያ ላይ ይሳሳታል፤ የመንዟን ከተማ ሞላሌን አንዴም በትክክል ጽፎልኝ አያውቅም። ስለዚህ መልሶ ማንበብን አብራችሁ አስለምዱ።

አንድ እንቅፋት አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይከለክላል። መምህሩ በቃል ቢፈቅድ በር ላይ ያለው ጥበቃ ይቀማል። ፈቃዱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ለተማሪው ይሰጥ።

ስልክ አለ ተብሎ ደግሞ ብሬል አይተው። በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ የፊደል አጻጻፍ አያውቅም፤ ሒሳብም ይቸግረዋል። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ ቦታ ይበላል፤ ወረቀት አስቀድማችሁ ሰብስቡ። የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ጠንካራ ስለሆነ ይሆናል። የደጋ መምህራን ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በጠዋቱ ውርጭ ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ነጥብ አይለይም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በቅጂ አስደምጡ፤ የብሬል ንባቡን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ አድርጉት።

የሚዳሰስ ካርታ

ቴክኖሎጂ ሲባል የሚሰካ ነገር ብቻ አይደለም። በእኔ ትምህርት ከሁሉም የበለጠ የሠራው ከካርቶን የተሠራ ካርታ ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ የተመቸ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጣርማ በር ወዲያ መሬቱ ይገደልና፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ወርዳችኋል። ከገደሉ በስተምዕራብ ያለው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በስተምሥራቅ ያለው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይህን በቃል ብቻ ማስረዳት አድካሚ ነው። በጣት ግን ቶሎ ይገባል።

ትልቅ ካርቶን ፈልጉ። ሌላ ካርቶን እየቆረጣችሁ በደረጃ ደራርቡበት፤ ከታች ቆላው፣ ከዚያ ወይና ደጋው፣ ከላይ ደጋው። የቆላው ላይ ሙጫ ቀቡና አሸዋ በትኑበት። ወይና ደጋው ላይ ጤፍ። ደጋው ላይ የበግ ፀጉር ለጥፉ፤ መንዝን በዚህ የማያውቅ የለም። ወንዞቹ ሲባጎ ይሁኑ፤ ሲባጎው ከላይ ወደ ታች ቁልቁል እንዲሄድ አድርጉት፤ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ያኔ ይዳሰሳል። ከተሞቹ ሽንብራ። መንገዱ ከወንዙ ጋር እንዳይምታታ ከሲባጎ ሌላ ይሁን፤ እኔ ሽቦ እጠቀማለሁ። ሰሜኑ የት እንደሆነ ለማወቅ የላይኛውን ቀኝ ጥግ ቁረጡት። ብዙ ነገር አትጨምሩ። ለዓይን የሚያምር የተጨናነቀ ካርታ ለጣት ግርግር ነው።

ካርታውን የሚያይ ተማሪም ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሰው። ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ይሁን፦ "ከደብረ ሲና ተነሥተህ በጣትህ ወደ ሸዋ ሮቢት ውረድ፤ መሬቱ ምን ሆነ?"

መስማት የተሳነው ተማሪ ሲኖር

ጽሑፍ ካለ ይበቃል የሚል ግምት አለ። ሁልጊዜ አይበቃም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። በእሱ ላደገ ልጅ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ረጅም ጽሑፍ ሰጥቶ "አንብብ" ማለት ለእኛ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደ መስጠት ነው። አዲሶቹን ቃላት ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በሥዕል አስደግፋችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ቪዲዮ ስታሳዩ እናንተም አብራችሁ አታውሩ፤ አስተርጓሚውንና ስክሪኑን እኩል ማየት አይችልም። አቁሙት፣ አስረዱ፣ ቀጥሉ።

አማርኛ ማንበብ ለሚችል ትልቅ ተማሪ የጎግል ላይቭ ትራንስክራይብ ንግግራችሁን እየሰማ ይጽፋል፤ አማርኛ ያውቃል። ስልኩ ተማሪው ዴስክ ላይ ከሆነ የሚጽፈው የክፍሉን ጫጫታ ነው። ማይክ ያለው ኢርፎን በረዥም ገመድ አግኙ፤ አለዚያ ስልኩ እናንተ አጠገብ ይሁንና ተማሪው እዚያ ይቀመጥ።

የጣት ፊደሉን ደግሞ መላው ክፍል ይማር። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ አናባቢውን ያሳያል። ልጆች ጨዋታ አድርገው ይይዙታል። በፈተና ሰዓት እንዳይኮራረጁበት ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሳቅ አይደለም፣ ያደርጉታል።

ደረጃው

በዊልቸር ወይም በክራንች የሚመጣ ተማሪ ካለ፣ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) እስኪሠራ አትጠብቁ። ክፍሉን ቀይሩ። ያለ ደረጃ የሚገባበት ክፍል ለየትኛውም ሴክሽን ሊሰጥ ይችላል፤ የሚፈልገው የርዕሰ መምህሩን አንድ ውሳኔ ነው። ራምፑ ሲሠራ ደግሞ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይያዝ። 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ደረጃ 3.6 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ መንሸራተቻ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ። ድንጋይ በአካባቢያችን ሞልቷል። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱን አሳምናችሁ በደቦ ማሠራት ይቻላል። ደብዳቤ ስትጽፉ በሥራ ላይ ያለውን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር እና ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችበትን አዋጅ 676/2002 ጥቀሱ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አያድርም።

ፈተና

የምትለኩት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። ስለ አፈር መሸርሸር ማወቁን ከሆነ፣ በጽሑፍ ቢመልስ፣ በድምፅ ቀድቶ ቢልክ ወይም በጭቃ ሠርቶ ቢያስረዳ ልዩነቱ ምንድን ነው? ምርጫውን ለሁሉም ተማሪ ስጡ። ለአንድ ልጅ ብቻ ከሰጣችሁ "ቀለለለት" ይባላል፤ ልጁም ራሱ ይሸማቀቃል። የማርክ አሰጣጡ ግን አንድ ይሁን፣ አስቀድሞም ይነገር።

ክልላዊና ብሔራዊ ፈተና ላይ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ቀን የማያይ ተማሪ አጠገብ የሚቀመጠው አንባቢ ሰው እንጂ ስልክ አይደለም። በስልክ ብቻ ያለማመድነው ልጅ ያን ቀን ይደናገራል። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ በሰው አንባቢም አለማምዱት። "ምርጫ ሐን ድገምልኝ"፣ "ቀስ በል"፣ "ሥዕሉ ላይ ያለውን ንገረኝ" ማለትን ይልመድ። ሳያፍር ማዘዝ የሚችል ተማሪ ብዙ ማርክ ያተርፋል።

ስምንተኛን ጨርሶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲሄድ አንድ ገጽ ጻፉለት። በምን እንደሚያነብ፣ የፊደሉ መጠን ወይም የድምፁ ፍጥነት ስንት እንደሆነ፣ የት ቢቀመጥ እንደሚሻለው፣ ፈተና ላይ ምን ያህል ተጨማሪ ጊዜ እንደሚበቃው፣ ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ። ቅጂዎቹንና ኤንቪዲኤን በፍላሽ ጨምሩበት። ገጹን ለራሱ ስጡት፤ አንድ ኮፒ ለወላጁ። በመዝገብ ቤት በኩል ብቻ ከላካችሁት አዲሱ መምህር ሳያየው ፎልደር ውስጥ ይቀራል።